ካሜራ ይዞ በጥሞና መቆም

ካሜራና ጥሞና አብረው አይሄዱም የሚሉ ሰዎች አሉ። ክርክራቸው ቀላል ነው። ተፈጥሮ ፊት ቆመህ መሣሪያ ዓይንህ ላይ ከደቀንክ፣ በአንተና በምታየው ነገር መካከል አጥር ሠራህ ይላሉ። ማየቱን ትተህ ማስቀረቱን ታስባለህ። ወፏ ገና ከቅርንጫፉ ሳትነሳ አንተ ፎቶውን የት እንደምትለጥፈው እያሰብክ ነው።

ክርክሩን አልንቀውም። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ፏፏቴ ስር ደርሶ፣ ስልኩን አውጥቶ፣ ቶሎ ቶሎ አንስቶ፣ ውሃውን በባዶ ዓይኑ ቀና ብሎ ሳያይ የሚሄድ ሰው ሁላችንም አይተናል። እንዲህ ያለው ፎቶ ለጥሞና ቦታ የለውም።

እኔ ግን ለዓመታት ካሜራ ይዤ ወደ ወንዝ ዳር፣ ወደ ሜዳ፣ ወደ ጫካ ስወጣ ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው። ቀልቤን የሚሰበስብልኝ ነገር ቢኖር ይኸው ነው። ዓይንህን ጨፍነህ ዝም ብለህ ተቀመጥ ቢሉኝ ሐሳቤ ወዲያው ይበተናል። ያላለቀ ሥራ ይመጣል፣ ትናንት የተባለ ነገር ይመጣል፣ ነገ የሚከፈል ነገር ይመጣል። አንዲት ጉንዳን በቅጠል ጠርዝ ላይ ስትሄድ በሌንስ ስከተላት ግን ሐሳቤ የትም አይሄድብኝም። እሷ ስትቆም እቆማለሁ። ስትዞር አብሬ እዞራለሁ። ለእኔ ይህ ጸሎት ነው። ቃሉን የምጠቀመው አስቤበት ነው።

ታዲያ ያው ካሜራ አንዱን ሰው የሚያዘናጋ፣ ሌላውን የሚሰበስብ እንዴት ሆነ?

ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች አሉ። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሊንዳ ሄንክል እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት አላቸው። የጥናቱ ተሳታፊዎች ሙዚየም ጎበኙ። አንዳንዱን ዕቃ ፎቶ አነሱ፤ ሌላውን እንዲሁ አዩ። በማግስቱ ሲጠየቁ ፎቶ ያነሱትን ዕቃ የማስታወስ አቅማቸው እንዲሁ ካዩት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ካሜራው ይይዝልኛል ብሎ አእምሮ ሥራውን የተወ ይመስላል። ለእኔ የሚበልጠው ግን የጥናቱ ሌላኛው ክፍል ነው። ከዕቃው አንዱን ክፍል ብቻ ዙም አድርገው ሲያነሱ ያ የመርሳት ነገር አልታየም። ፍሬሙ ውስጥ ያልገባውን የዕቃውን ክፍል ሳይቀር አስታወሱ።

ካሜራው ያው ነው። ሰዎቹም ያው ናቸው። የተለየው አንድ ነገር መርጠው ዓይናቸውን እሱ ላይ ማሳረፋቸው ነው። አንድ ነገር ስትመርጥ ሌላውን ለመተው ትስማማለህ። ጥሞናው የሚጀምረው ከዚህ መተው ላይ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ2017 ተመራማሪዋ አሊክሳንድራ ባራሽና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረልኝ። የሚያነሱትን ራሳቸው እየመረጡ ፎቶ ያነሱ ሰዎች ያዩትን ካላነሱት ይልቅ የተሻለ አስታወሱ። የሰሙትን ግን ያስታወሱት ፎቶ ካላነሱት ሰዎች ባነሰ መጠን ነው። ዓይን ሲበረታ ጆሮ ይደክማል ማለት ነው።

ይህን ካነበብኩ ወዲህ አንድ ልማድ ይዣለሁ። ቦታው ስደርስ ካሜራውን ከቦርሳው አላወጣም። መጀመሪያ እሰማለሁ። በቅርብ ያለውን ድምፅ እለያለሁ። ቀጥሎ ራቅ ያለውን። ነፋስ በደረቅ ሣርና በእርጥብ ቅጠል ውስጥ ሲያልፍ ድምፁ አንድ አይደለም። ውሃ ድንጋይ ላይ ሲወድቅና አሸዋ ላይ ሲሄድም እንደዚያው። የወፍ ድምፅ ድንገት ቀጥ ካለ አንድ ነገር እየመጣ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ነገር እኔ ነኝ። ድምፁ እስኪመለስ ድረስ አልነቃነቅም። ሲመለስ ያ ቦታ እኔንም እንደተቀበለኝ ይሰማኛል። ካሜራው የሚወጣው ያኔ ነው።

አሁን ስለ ጤዛ ልንገራችሁ። ይህን ሥራ የወደድኩት በጤዛ ነው።

ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ነፋስም በሌለበት ሌሊት ሣርና ቅጠል ቀን የያዙትን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቁታል። ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛሉ። በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ያን ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ውሃ ይሆናል። ጎህ ሲቀድ ሜዳው ሁሉ በጠብታ ተሸፍኖ ይጠብቃል። ፀሐይ ትንሽ ከፍ ስትል ይተናል። ስለዚህ ያለህ ጊዜ አጭር ነው። አጭር ስለሆነ ግን መጣደፍ አይቻልም። ጉልበትህ ሣሩን ከነካው ጠብታዎቹ ይረግፋሉ። በሣር መሃል የምትንበረከከው ቦታ መርጠህ፣ ቀስ ብለህ፣ የምትረግጠውን እያየህ ነው።

በማክሮ ሌንስ፣ ትንሽ ነገርን ከቅርብ አጉልቶ በሚያነሳው ሌንስ፣ አንዲት ጠብታ ስትቀርብ የምታየው ነገር ያስደንቃል። ጠብታዋ ራሷ ሌንስ ናት። ከኋላዋ ያለው ዓለም በውስጧ ተገልብጦ ይታያል። ሰማዩ ከታች፣ ሜዳው ከላይ። ከኋላዋ አበባ ካለ አበባው በጠብታዋ ሆድ ውስጥ ተዘቅዝቆ ይቀመጣል፤ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ራስህን አንድ ጣት ያህል ወደ ጎን ስታንቀሳቅስ ሌላ ዓለም ይገባል።

ችግሩ ፎከሱ ነው። አንድን ነገር በትክክለኛ መጠኑ ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ሰሌዳ) ላይ እስኪያርፍ ድረስ ስትቀርበው፣ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ) ጠበብ ብሎ ኤፍ 8 ላይ ሆኖ እንኳ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ወደ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህም ወዲያም ይደበዝዛል። ሰው ሳይነቃነቅ ቆሜያለሁ ቢልም ሰውነቱ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ይወዛወዛል። ልብ ስትመታ ካሜራው ይንቀሳቀሳል። ትንፋሽ ስትስብ ትከሻህ ይነሳል፤ ፎከሱ ከጠብታዋ አልፎ ሣሩ ላይ ይወድቃል። ስታስወጣ ይመለሳል። ትንፋሽ ወጥቶ ካበቃ በኋላ፣ አዲሱ ሳይገባ በፊት አንዲት ጸጥ ያለች ቅጽበት አለች። የምትጫነው እዚያ ውስጥ ነው።

ትንፋሼን እንድከተል ማንም አላስተማረኝም። ጠብታዋ አስተማረችኝ። በየሃይማኖቱ ያሉ ጸሎተኞች ከትንፋሽ ጋር ለምን ይህን ያህል እንደሚሠሩ የገባኝም ሣር ላይ ተንበርክኬ ነው።

ስለ ትንፋሽ ካነሳን ዊልሰን ቤንትሌይን ሳልጠቅስ አላልፍም። በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት ውስጥ ጀሪኮ በምትባል ቦታ የሚኖር ገበሬ ነበር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 1885 ካሜራውን ከማይክሮስኮፕ ጋር አጋጥሞ የአንዲት በረዶ ቅንጣት ፎቶ አነሳ። ዕድሜው 19 ነበር። ከዚያ በኋላ እስከሞተበት እስከ 1931 ድረስ ከ5,000 በላይ ቅንጣቶችን አንስቷል። የሚሠራው እሳት በሌለበት ቀዝቃዛ ክፍል ነው፤ ቅንጣቷ እንዳትቀልጥ። በጥቁር ሰሌዳ ይቀበላታል። ወደ መስታወቱ ያሻግራታል። በላባ ቀስ አድርጎ ያስተካክላታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ትንፋሹን ይይዛል። ትንፋሹ ከነካት የለችም።

የእሱን ሥራ ሳስብ የሚነካኝ ቁጥሩ አይደለም። ማንም ሳያያት የምትቀልጥ ነገር ፊት አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በአክብሮት መቆሙ ነው። ያንን የሚያህል አክብሮት እኔ ከሰው ጋር እንኳ ሁልጊዜ የለኝም።

ወደ ጤዛው ልመለስ። አንድ ማለዳ ሁለት ረጃጅም ሣሮች መካከል የተዘረጋ የሸረሪት ድር አገኘሁ። እያንዳንዱ ክር ጠብታ ተደርድሮበታል። ሸረሪቷ መሃል ላይ ጭንቅላቷን ወደ ታች አድርጋ ተቀምጣለች። ትራይፖዱን፣ ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ ማቆሚያ፣ ዝቅ አድርጌ አቆምኩ። ነፋስ ትንሽ ትንሽ ይነካው ስለነበር ድሩ ወደ ፎከስ ይገባል፣ ይወጣል። ጠበቅኩ። በዚህ መሃል ሸረሪቷ በፊት እግሯ አንዱን ክር ሳብ አድርጋ ለቀቀችው። የጠብታው ረድፍ ተንቀጠቀጠ። አንዷ ጠብታ ከጎረቤቷ ጋር ተቀላቅላ ከበደችና ወደቀች። ክሩ ቀለል ብሎት ወደ ላይ ተነሳ። ሸረሪቷ ሌላውን ክር ነካች። እነዚህ ሸረሪቶች ክሩን በመነካካት ድሩ ላይ ምን እንዳረፈ ያውቃሉ። ብዙዎቹ ደግሞ አሮጌውን ድር ራሳቸው በልተው አዲስ ይሠራሉ፤ ያ ሁሉ ጥበብ ለአንድ ቀን ነው።

ያን ማለዳ ካሜራ ባልይዝ ኖሮ እዚያ እንደማልቆይ አውቃለሁ። «እንዴት ያምራል» ብዬ አልፍ ነበር። የቆየሁት ነፋሱ እስኪቆም ስለጠበቅኩ ነው። ነፋሱ እስኪቆም ስጠብቅ ደግሞ እግሯን አየሁ። ካሜራ ሰበብ ይሰጥሃል። ለመቆየት ሰበብ። ትልቅ ሰው ያለ ሰበብ ሣር ላይ ተንበርክኮ ሸረሪት ሲያይ መዋል ይከብደዋል።

ይህን ካልኩ በኋላ ጸሎት ያልኩት ለምን እንደሆነ ግልጽ ላድርገው። እኔ ፈጣሪ አለ ብዬ አምናለሁ። እዚያ ስንበረከክ ግን የምጠይቀው ነገር የለም። ስጠኝም፣ አድነኝም አልልም። በእጁ የተሠራውን ነገር ሳልቸኩል አያለሁ፤ በቃ። ያንተ እምነት ሌላ ከሆነ ወይም ጭራሹኑ ከሌለህም ድርጊቱ አይለወጥም። መንበርከኩ፣ ዝም ማለቱ፣ ትንፋሹ፣ መጠበቁ ያው ነው። ማን እንደሰማህ አንተ ትወስናለህ።

ብርሃን ደግሞ ትዕግሥትን በሌላ መንገድ ያስተምራል። ማለዳና አመሻሽ ላይ ፀሐይ ዝቅ ስትል ብርሃኗ ረጅም የአየር ንብርብር አቋርጦ ነው የሚደርሰን። ሰማያዊው በመንገድ ላይ ይበተናል። ቢጫውና ቀዩ ይተርፋል። ጥላ ይረዝማል። ድንጋይ እንኳ ቆዳ ያለው ይመስላል። ፎቶ አንሺዎች ሁሉ ይህን ሰዓት ይወዱታል። ግን ልታፈጥነው አትችልም። ልታቆየውም አትችልም። ያ ብርሃን ከፀሐይ ተነስቶ እኛ ጋ ለመድረስ 8 ደቂቃ ያህል ተጉዟል። እኔ ቅጠሉ ላይ የማገኘው የመጨረሻውን ቅጽበት ነው። ደመና ከመጣ ደግሞ እሱም አይገኝም። ቁጭ ትላለህ፣ ይመሻል፣ ትመለሳለህ። እንዲህ ያሉ ቀኖች ከሁሉም ይበልጥ ያረጋጉኛል ብል የሚያምነኝ ሰው ጥቂት ነው። እውነቱ ግን ያ ነው። ከእኔ ፍላጎት ውጭ በሆነ ነገር ስር መቀመጥ ትከሻዬን ያቀለዋል።

መጠበቅ ማለት ግን ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1941 በኒው ሜክሲኮ ግዛት ውስጥ በመኪና ሲሄድ ሄርናንዴዝ ከምትባል መንደር በላይ ጨረቃ ወጥታ አየ። ከፊት ለፊት የመቃብር ቦታ አለ። ልትጠልቅ ያለች ፀሐይ መስቀሎቹን አብርታቸዋለች። መኪናውን አቁሞ ትልቁን ካሜራ ተከለ። የብርሃን መለኪያውን ቢፈልግ አጣው። የጨረቃን የብርሃን መጠን ግን በቃሉ ያውቀው ነበር። ከዚያ ተነስቶ አሰላና ተጫነ። ለሁለተኛ ፎቶ ሲዘጋጅ ብርሃኑ ከመስቀሎቹ ላይ ሄዷል። የቀረው አንድ ፎቶ ነው። ከታወቁት ሥራዎቹ ዋነኛው ሆነ።

የሚገርመው አዳምስ ቀኑን አያስታውሰውም ነበር። ዓመቱን እንኳ በተለያየ ጊዜ የተለያየ አድርጎ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1991 ዴኒስ ዲ ቺኮ የተባለ የሥነ ፈለክ ባለሙያ የጨረቃዋን አቀማመጥ አስልቶ ኖቬምበር 1 ቀን 1941፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ገደማ መሆኑን አገኘ። ሰውየው ቀኑን ረስቷል፤ የጨረቃን ብርሃን ግን ልቡ ውስጥ ይዟል። በየዕለቱ የሚደጋገም ጸሎት የሚሠራው እንዲህ ይመስለኛል። ያ አንድ ቅጽበት ሲመጣ እጅህ የሚያደርገውን ያውቃል። አፐርቸርንና ሻተርን (ብርሃን ለቅጽበት የሚያስገባውን መዝጊያ) እያሰብክ ከሆነ ጨረቃን አታያትም። ስለዚህ ቴክኒኩን ከልብ ተማሩ እላለሁ። ካሜራውን በጨለማ ሳታዩት ማስተካከል እስክትችሉ ድረስ። መሣሪያውን ማወቅ ከመንፈሳዊነቱ የሚቀንስ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እኔ አልስማማም።

በዚህ መንገድ ከእኛ በፊት የሄዱ ብዙ ናቸው። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አልፍሬድ ስቲግሊትዝ እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ለዓመታት ደመና ሲያነሳ ኖሯል። የፎቶው ኃይል ከሚነሳው ሰው ወይም ከቦታው ዝና የሚመጣ አለመሆኑን ማሳየት ፈልጎ ነው። ደመና ደግሞ የማንም አይደለም፤ ቀና ላለ ሁሉ አለ። ብዙዎቹ ላይ መሬት የለም፣ ዛፍ የለም። የትኛው ጎን ወደ ላይ እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። የሚታየው የሰውየው የውስጥ ስሜት ነው። ማይነር ኋይት የተባለው ፎቶ አንሺና መምህር ደግሞ ተማሪዎቹን ካሜራ ከማንሳታቸው በፊት በጸጥታ ያስቀምጣቸው ነበር። አንዳንዱ ተማሪ እንዳልወደደው እገምታለሁ። ፎቶ ሊማር መጥቶ ዓይንህን ጨፍን ሲባል ደስ አይልም።

ለእኔ የሚቀርቡኝ ግን መነኩሴው ቶማስ መርተን ናቸው። በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት ውስጥ ባለው የጌተሰማኒ ገዳም እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ ኖረዋል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ፎቶ ማንሳት ያዙ። በ1968 ወዳጃቸው ጆን ሃዋርድ ግሪፊን ካሜራ አዋሳቸው። ያነሱት ግን ትልቅ ነገር አይደለም። የዛፍ ሥር፣ የተቆረጠ ግንድ፣ ግድግዳ ላይ ያረፈ ጥላ፣ ያረጀ ወንበር። በየቀኑ በአጠገቡ የሚያልፉትን ነገር ነው ያነሱት። በዚያው ዓመት በዲሴምበር 10 ታይላንድ ውስጥ አረፉ። ፎቶዎቹን ሳይ የሚታየኝ ለማስደነቅ ምንም የማይጥር ሰው ነው። ግንዱን እንዳለ ትተውታል። ብዙዎቻችን ተፈጥሮን ስናነሳ ግዙፍ ተራራና ቀይ ሰማይ እንፈልጋለን። እኔ ከተራራው ይልቅ የመርተንን ግንድ አስቀድማለሁ፤ ከደጃፍ ሳንርቅ የምናገኘው ስለሆነ።

በዚሁ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ውድ ካሜራ አያስፈልግም። ስልክ ይበቃል። ከስልኩ ላይ የሚያስቸግረው መልእክቱ እየገባ መጮሁ ብቻ ነው። ኔትወርኩን አጥፍታችሁ ውጡ።

ወፍ ማንሳት ሲመጣ ነገሩ ከበድ ይላል። ጠብታ አትፈራህም። ወፍ ትፈራሃለች። ስለዚህ ጥሞናው ለራስህ ደስታ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የሌላ ሕይወት ጉዳይ ይገባበታል። እያንዳንዷ ወፍ ሰው ከዚህ አልፎ ከቀረበ እበራለሁ የምትልበት ርቀት አላት። ያ ርቀት ሲቃረብ ምልክት ትሰጣለች። መብላት ታቆማለች። አንገቷን ታሰግጋለች። አንዴ ወደ ጎን ትዘልላለች። ምልክቱን ያላየ ሰው ቀጣዩን እርምጃ ይረግጣል፣ እሷም ትሄዳለች። ያየ ሰው ይቆማል፤ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይመለሳል። የምትበር ወፍ ክንፏ እንዳይደበዝዝ የሻተሩ ፍጥነት የሰከንድ አንድ ሺህኛ ወይም ከዚያ የፈጠነ መሆን አለበት። እዚያች ሽርፍራፊ ቅጽበት ላይ ለመድረስ ግን ረጅም ሰዓት ቁጭ ማለት ግድ ነው።

አንድ ጊዜ በቁጥቋጦ ውስጥ የተሠራ ጎጆ አገኘሁ። እናትየው ወይም አባትየው፣ የቱ እንደሆነ አልለየሁም፣ አፏ ሙሉ አባጨጓሬ ይዛ ከላይ ካለ ቅርንጫፍ ላይ አረፈች። ብርሃኑ ከጎን ይመጣል። አባጨጓሬዎቹ አረንጓዴ ሆነው ያበራሉ። ከኋላዋ ያለው ጥቁር ጥላ ስለሆነ ላባዋ አንድ በአንድ ይለያል። ፎቶ አንሺ የሚመኘው ነገር ሁሉ እዚያ አለ። እሷ ግን አትገባም። ወዲያ ታያለች፣ ወዲህ ታያለች፣ ትጮሃለች። ምግብ ይዛ ወደ ጎጆዋ የማትገባ ወፍ «በጣም ቀርበሃል» እያለች ነው። ጫጩቶቹ ይርባቸዋል። ጩኸቷ ደግሞ ጎጆው የት እንዳለ ለሌላ አዳኝ ይናገራል። ካሜራውን ዝቅ አድርጌ ጎንበስ እንዳልኩ ወደ ኋላ ሄድኩ። ዛፎቹ ጋ ስደርስ ዞር ብዬ አየሁ። ገብታለች።

ያን ፎቶ አላነሳሁትም። ካነሳኋቸው ብዙዎቹ ይልቅ ግን እሱን አስታውሰዋለሁ። ይህ ዓይነቱ ፎቶ ጸሎት ከሆነ «እምቢ» ማለትም በውስጡ አለ። ፍላጎት ነድዶ፣ ጣት ሻተሩ ላይ አርፎ፣ ከዚያ መተው። በጎጆ አጠገብ ቅርንጫፍ ቆርጦ «ለእይታ ያስቸግራል» የሚል ሰው ካለ፣ በስልኩ የወፍ ድምፅ እያጫወተ ወፏን የሚያባብል ሰው ካለ፣ ፎቶው የቱንም ያህል ቢያምር እኔ ከጥሞና አልቆጥርለትም። ወፏ የምትመጣው ባላንጣ መጣብኝ ብላ ነው። ለእሱ የጨዋታ ድምፅ፣ ለእሷ የግዛት ጥያቄ ነው።

ተፈጥሮን ማንሳት ሰውን ሊፈውስ ይችላል ወይ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ለሁሉም ሰው መልስ የለኝም። የሴባስቲያዎ ሳልጋዶን ታሪክ ግን ደጋግሜ አስበዋለሁ። ይህ ብራዚላዊ ፎቶ አንሺ ለዓመታት የሰውን ልጅ መከራ ሲያነሳ ኖረ። ጦርነት፣ ረሃብ፣ ስደት። ሩዋንዳ ውስጥ ካየው በኋላ አካሉም መንፈሱም ታመመ። ካሜራውን አስቀመጠ። ከባለቤቱ ከሌሊያ ጋር ወደ ወላጆቹ እርሻ ተመለሰ። መሬቱ ተራቁቷል፣ ዛፉ አልቋል። መልሰን ጫካ እናድርገው ያሉት ሌሊያ ናቸው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1998 ለዚሁ ሥራ ተቋም መሠረቱ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ዛፍ ተተከለ። ወፉም፣ ምንጩም ተመለሰ። ሳልጋዶ ካሜራውን ወደ ተፈጥሮ ያዞረው ተከላው ከተጀመረ በኋላ ነው። ከ2004 ጀምሮ ለ8 ዓመት ያህል ያልተነካ ተፈጥሮን ፍለጋ ዓለምን ዞረ። በ2025 አረፈ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉት። መጀመሪያ የተከለው ዛፍ ነው። ፎቶው የመጣው ኋላ ነው። ቅጠል እያነሳሁ ቅጠሉ ያለበት ዛፍ ሲቆረጥ ዝም የምል ከሆነ፣ ጥሞናዬ የራሴን ስሜት ከማስደሰት አላለፈም።

ቤት ስመለስ የሚሆነውም የሥራው አካል ነው። ድሮ በፊልም ዘመን አንድ ጥቅልል 36 ፎቶ ይይዛል፤ ታጥቦ እስኪወጣ ደግሞ መጠበቅ ነበር። አሁን ስክሪኑ ላይ ወዲያው ይታያል። እኔ በበኩሌ ሜዳ ላይ እያለሁ ስክሪኑን ማየት አልወድም። አንገቴን ሳቀረቅር ከፊቴ ያለው ያልፋል። ቤት ገብቼም ለጥቂት ቀን አልከፍተውም። ወዲያው ከከፈትኩት የማየው ፎቶውን ሳይሆን ምኞቴን ነው። ሲቆይ ምኞቱ ይበርዳል። ያኔ ቆንጆ ያልኩት ባዶ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ያልገመትኩት ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ነፍሳት ተቀምጣ ትገኛለች።

አንዳንዱን ሰዎች እንዲያዩት እለጥፋለሁ። በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለኝ። ስልክም፣ ብዙ ካሜራም ፎቶው የተነሳበትን ቦታ በፋይሉ ውስጥ መዝግቦ ሊያስቀምጥ ይችላል። ብርቅዬ እንስሳና ተክል የሚሰርቁ ሰዎች ይህን መረጃ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ጎጆ ያለበት ቦታ ከታወቀ ደግሞ በቅን ልብ የሚመጣው ሰው ብዛት ብቻውን ወፏን ያባርራታል። ስለዚህ ከመለጠፌ በፊት የቦታውን መረጃ አጠፋለሁ፤ ለወዳጅም ቢሆን አልናገርም። «የት ነው ያነሳኸው?» ሲሉኝ ስለ ሰዓቱ እነግራቸዋለሁ። የትኛው አበባ ሲፈነዳ እንደምትመጣ፣ ነፋሱ ከየት ሲሆን እንደምትቀርብ፣ ከስንት እርምጃ እንደምትደነግጥ፣ ምን ለብሼ የት ጥላ ውስጥ እንደተቀመጥኩ። አብዛኞቹ ወፎች የሚኖሩት አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ጠያቂው ሰው ቁጭ ካለ እሱ ዘንድም ትመጣለች።